ቅርፁ የታደሰ ቀጭን ላፕቶፕ ለዕለት ሥራ ይሆን እንደሆነ እንዴት ይመረመራል?

አንድ ላፕቶፕ ቅርፁ ተለውጦ ሲወጣ ምን ያህል እንደቀጠነና እንደቀለለ ለማወቅ መድከም አያስፈልግም፤ አምራቹም ሻጩም ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት እሱን ነው። ለዚያ ቅጥነት ሲባል የተነሣው፣ የጠበበው ወይም ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረው ነገር ግን ገዢው ራሱ ፈልጎ ካላገኘው በቀር ማንም አይነግረውም። ባትሪው፣ ማቀዝቀዣው፣ ኪቦርዱና መሰኪያዎቹ ሁሉ ቦታ የሚሹ ናቸውና፣ አካሉ ሲቀጥን ከእነርሱ አንዱ ቦታ መልቀቁ ወይም ዋጋው መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ የምርመራው ሁሉ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ የቅጥነቱን ዋጋ የከፈለው የትኛው ክፍል ነው፣ ያ ክፍልስ ለእኔ ሥራ ምን ያህል ያስፈልገኛል?

ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር በአንድ በታወቀ መሣሪያ ላይ እየታየ ይሄዳል፤ እሱም አፕል እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንዲሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሥር መሠረቱ ለውጦ ያወጣው፣ ኤም2 የተባለውን የአፕል ቺፕ የያዘው ማክቡክ ኤር ነው። ይህ መሣሪያ የተመረጠው ቅርፁ ከተለወጠ በኋላ ኤም3 እና ኤም4 የተባሉ ተከታዮች በዚያው አካል ስለመጡ፣ የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደጎደለውና በኋላ ምን እንደተስተካከለ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። የዊንዶውስ ላፕቶፕ የሚመረምር ሰውም ቁጥሮቹን ለውጦ ያንኑ ቅደም ተከተል ሊከተል ይችላል።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን ሳይነኩ የራስዎን ሥራ ይጻፉ

በአንድ ተራ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በላፕቶፕዎ የሚያከናውኑትን ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የትኞቹን ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ከፍተው እንደሚሠሩ፣ ስንት ሰዓት ያህል መብራት በሌለበት ወይም ሶኬት በማይገኝበት ቦታ እንደሚቆዩ፣ ፋይል የሚቀባበሉት በፍላሽ ይሁን በቴሌግራም፣ ፕሮጀክተር የሚያገናኙ መሆንዎን፣ ቦርሳውን ይዘው በእግር የሚሄዱት መንገድ ምን ያህል እንደሆነ አንድ በአንድ ይመዝግቡ።

ከዚያ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከመሣሪያው ሥርዓት ጋር ያስተያዩ። በአገራችን ብዙ የሂሳብ ባለሙያ የሚሠራበት ፒችትሪ የሚነሣው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፤ የሲቪል መሐንዲሶች ኢታብስና የአርክቴክቶች ሬቪትም እንዲሁ። ቀድሞ በኢንቴል ማክ ላይ ዊንዶውስን ጎን ለጎን መጫን ያስችል የነበረው ቡት ካምፕ አፕል ወደ ራሱ ቺፕ ከተዛወረ ወዲህ ቀርቷል፤ ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ የእንጀራዎ ምንጭ ከሆነ የማክቡክ ኤር ምርመራዎ እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ነው፣ ገንዘቡም ለሌላ ላፕቶፕ ይተርፋል። የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችንም አይርሱ። ዩኒኮድ (በየመሣሪያው የሚነበብ የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የጥንት ፊደሎች የተጻፈ ደብዳቤ ወይም መጽሐፍ ካለዎት፣ ፊደሉ በሌለበት መሣሪያ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ያለውን አንድ ፋይል ለሙከራ በፍላሽ ይዘው መሄድ በኋላ ከሚመጣ ብስጭት ያድናል።

ደረጃ 2፦ አሮጌውንና አዲሱን በቁጥር ያስተያዩ

የሁለቱን ዝርዝር መግለጫ ከአምራቹ ገጽ ላይ አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የቀድሞው ባለ ኤም1 ማክቡክ ኤር ከኋላ 16.1 ሚሊሜትር የሚወፍርና ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ 4.1 ሚሊሜትር የሚደርስ ነበር፤ አዲሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል 11.3 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ትልቁ ውፍረት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን እጅ የሚያርፍበት የፊት ጫፍ በአንጻሩ ወፍሯል፣ አፕል ራሱም አጠቃላይ ይዘቱ ቀነሰ ያለው በ20 በመቶ ነው። ክብደቱ ደግሞ ከ1.29 ወደ 1.24 ኪሎግራም ብቻ ወረደ፤ ሃምሳ ግራም ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የሚታወቅ ልዩነት አይደለም። አምራች «ቀጭን» ሲል የሚለካው የትኛውን ቦታ እንደሆነ መጠየቅ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የቀሩትን ይዩ። ባትሪው ከ49.9 ወደ 52.6 ዋት-ሰዓት አድጓል፤ ስለዚህ ዋጋውን የከፈለው ባትሪው አይደለም። ስክሪኑ ከ13.3 ወደ 13.6 ኢንች፣ ብርሃኑ ከ400 ወደ 500 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ)፣ ካሜራው ከ720 ወደ 1080 መስመር ከፍ ብሏል። መነሻ ዋጋው ግን ከ999 ወደ 1,199 ዶላር ዘሏል። ሁለቱም ማራገቢያ የላቸውም፤ ሆኖም ኤም2 ሲጨናነቅ ከኤም1 የበለጠ ኃይል የሚወስድ ቺፕ በመሆኑ፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ በጠበበ አካል ውስጥ ምን እንደሚሆን መጠርጠር ይገባል። በዚህ ዓይነት ማስተያየት ሦስት ተጠርጣሪዎች ተለይተው ይወጣሉ፦ ሙቀት፣ ዲስክ (ምክንያቱ በደረጃ 6 ይገኛል) እና ዋጋ። የእጅ ሙከራዎ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ላይ ይዋል።

ከታሪኩም ትምህርት አለ። ስቲቭ ጆብስ በጥር 2008 የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዝዞ ሲያሳይ አዳራሹ ተደንቆ ነበር፤ ያ መሣሪያ ግን የነበረው አንድ የዩኤስቢ መሰኪያ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው የተጨመረለት ቅርፁ እንደገና በተሠራበት በ2010 ነው። በ2015 የወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ደግሞ 920 ግራም ብቻ የሚመዝን ውብ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ለቻርጀርም ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መሰኪያና እጅግ የሳሳ ኪቦርድ ይዞ መጣ፤ በ2019 ከገበያ ወጣ። በአፕል ቤት የቅርፅ ለውጥ የመጀመሪያ ዓመት የሙከራ ዓመት ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ደረጃ 3፦ አካሉንና ኪቦርዱን በእጅ ይፈትኑ

ላፕቶፑን ከነቻርጀሩና ከነማስፋፊያው (ተጨማሪ መሰኪያ ከሚሰጠው ዕቃ ጋር) በአንድነት ይመዝኑ፤ በየቀኑ የሚሸከሙት ሦስቱን ነውና። ክዳኑን በአንድ እጅ ለመክፈት ይሞክሩ፣ ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይጻፉበት፣ ስክሪኑ በእያንዳንዱ ምት የሚወዛወዝ መሆኑን ይመልከቱ፣ የእጅ አንጓዎን የፊት ጠርዙ ላይ አሳርፈው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ሚድናይት የተባለው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የጣት አሻራ አጉልቶ እንደሚያሳይ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ይህ ለአንዳንዱ ምንም፣ ለአንዳንዱ ደግሞ የዘወትር ንዴት ይሆናል።

ኪቦርዱ ላይ ግን አይቸኩሉ። በ2015 ቅጥነትን ለማግኘት የተሠራው «ቢራቢሮ» የተባለው የቁልፍ አሠራር፣ ትንሽ ብናኝ ሲገባበት ቁልፉ እንዲጣበቅ ወይም አንድ ጊዜ ተነክቶ ሁለት ፊደል እንዲጽፍ የሚያደርግ ሆኖ በመገኘቱ አፕል በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም እስከመክፈት ደረሰ፤ ማክቡክ ኤር ወደ ቀድሞው ዓይነት አሠራር የተመለሰው በመጋቢት 2020 ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው ስምዎን በመጻፍ እንዲህ ያለ ጉድለት አይታወቅም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቁልፎቹን ከሌላው አብዝቶ ይመታል፤ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ተከትሎ (selam ብሎ) ሲጻፍ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል አምስት ምት ይፈልጋል። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያውን ጭነው፣ የራስዎን ረጅም ጽሑፍ ሳያቋርጡ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጻፉ። ሲጨርሱ ሁለት ነገር ያስተውሉ፦ ጣትዎ መድከሙንና የስሕተትዎ ብዛት በአሮጌው ኪቦርድ ከሚሠሩት መብለጡን። የሁለተኛ እጅ ዕቃ ከሆነ እያንዳንዱን ቁልፍ፣ ዳር ላይ ያሉትን ጭምር፣ አንድ በአንድ ይንኩ።

ደረጃ 4፦ ስክሪኑ

መስኮት አጠገብ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርገው ነጭ ገጽ ይክፈቱ። ይህ ስክሪን አንጸባራቂ ስለሆነ 500 ኒት ቢኖረውም በረንዳ ላይ ፊትዎን መልሶ ያሳይዎታል፤ ጥላ ውስጥ ግን ይበቃል። ከዚያ በጽሑፍ ማዘጋጃ «ጹጺጼ፣ ሩሪሬ፣ ዩዪዬ» የሚል መስመር በ10 መጠን ጽፈው እንደ ዘወትሩ ርቀው ይቀመጡና የእያንዳንዱ ፊደል እግርና ቀለበት ተለይቶ የሚታይ መሆኑን ያረጋግጡ። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ እስከ ዛሬ በሚገኘው በ1366 በ768 ስክሪን እነዚህ ፊደሎች ይዋሐዳሉ፤ ረጅም የአማርኛ ሰነድ የሚያነብ ሰው ዓይኑ የሚደክመው በዚህ ነው። የማክቡክ ኤሩ 2560 በ1664 በዚህ ረገድ ቅሬታ አይተውም።

ብዙ የተወራበት፣ ስክሪኑ አናት ላይ ለካሜራው ተብሎ የተቆረጠው ቦታ (የካሜራ ቁርጥ) ለእኔ ትንሽ ነገር ነው። ስክሪኑ ከቀድሞው በ64 የነጥብ መስመር ከፍ ብሏል፤ ቁርጡ የገባውም በዚያ ጭማሪ ውስጥ በመሆኑ፣ ከሥሩ የቀረው የሥራ ቦታ ከአሮጌው የሚያንስ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሙቀትን በተደጋጋሚ ሥራ ይፈትኑ

ማራገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ዝም ማለቱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በንባብ ቤት፣ በስብሰባና ድምፅ በሚቀዳበት ክፍል ዋጋው ይታወቃል። ሙቀት የሚወጣበት ሌላ መንገድ ስለሌለ ግን መሣሪያው ሲግል ራሱን የሚያድነው ፍጥነቱን በመቀነስ ነው። ለአጭር ጊዜ የሚሠሩ የፍጥነት መለኪያዎች ይህን አያሳዩም፤ ላፕቶፑ ሳይግል ያልቃሉና።

ስለዚህ ሙከራው እንዲህ ይሁን። ከሥራዎ ሁሉ ከባዱን ይምረጡ፤ ለምሳሌ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል መለወጥ፣ ብዙ ፎቶግራፎችን በአንድ ጊዜ ማረም ወይም ትልቅ የኤክሴል ሠንጠረዥ ማስላት ሊሆን ይችላል። ያንኑ ሥራ በቻርጀር ላይ ሆኖ፣ ሳያሳርፉ፣ ደጋግመው ያሠሩትና የእያንዳንዱን ዙር ጊዜ ይጻፉ። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው እምብዛም ካልራቀ ሥራዎ ለዚህ አካል አይከብድም ማለት ነው። ጊዜው እየረዘመ ከሄደ ደግሞ የተቀነሰውን ፍጥነት በራስዎ ሥራ አይተውታል፣ ከማንም ሠንጠረዥ የበለጠ ማስረጃም ይህ ነው። በኤም2 ማክቡክ ኤር ላይ ሰነድ፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ይህን ችግር አያስነሡም፤ ረጅም የቪዲዮ ሥራ ግን ያስነሣዋል፣ ለዚያ ዓይነት ባለሙያ ማራገቢያ ያለው ማክቡክ ፕሮ የተሻለ ምርጫ ነው።

ቻርጀር ተሰክቶ በቪዲዮ ሲነጋገሩም ጉልበትዎ ላይ ያለው የላፕቶፑ ሆድ ምን ያህል እንደሚግል ይዩ፤ የዕለት ተዕለቱ ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። የአየሩን ሁኔታም ማሰብ ይገባል። አፕል ለዚህ መሣሪያ ያስቀመጠው የሥራ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከፍታውም እስከ 3,000 ሜትር ገደማ የተፈተነ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከወሰኑ ውስጥ ብትሆንም የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ሙቀትን እንደ ቆላው አየር አያነሣም፣ ቅዝቃዜው በፈንታው ያግዛል። ዱባይ ወይም ኩዌት የሚኖር ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ ከቤት ውጭ 35 ዲግሪ ቶሎ ይታለፋል፣ መሣሪያው ጠፍቶ እንኳ የሚቀመጥበት ወሰን 45 ዲግሪ ስለሆነ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ባትሪውን መጉዳት ነው።

ደረጃ 6፦ ሜሞሪና ዲስክ

በቀጭን ላፕቶፕ ሜሞሪው (ራም) ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሚሆን በኋላ አይጨመርም፤ ማክቡክ ኤርም እንዲሁ ነው፣ ዲስኩም ጭምር። በመጀመሪያ የወጣው መነሻ ኤም2 ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ባለ 256 ጊጋባይት ዲስክ ነበር። ሜሞሪው ሲሞላ መሣሪያው ትርፉን ወደ ዲስኩ ስለሚያዛውር የዲስኩ ፍጥነት የላፕቶፑ ፍጥነት ይሆናል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ የኤም1ዱ 256 ጊጋባይት በሁለት የማከማቻ ቺፕ የተሠራ ሲሆን የኤም2ቱ ግን በአንድ ቺፕ በመሆኑ ንባቡ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው በዚህ አንድ ነገር አንሶ ተገኘ፤ በ2024 ኤም3 ሲመጣ ወደ ሁለት ቺፕ ተመልሷል።

ለመፈተን፣ በደረጃ 1 የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድነት ይክፈቱ፤ በአሳሹ ላይ የለመዱትን ያህል ገጾች ይጨምሩ፤ ከዚያ አክቲቪቲ ሞኒተር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የሜሞሪውን ጫና የሚያሳየውን ግራፍ ይመልከቱ። አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ በቂ ነው፤ ቢጫ እየሆነ ከሄደ 8 ጊጋባይት ዛሬም አልበቃዎትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላማ አይታሰብም። አፕል ራሱ በጥቅምት 2024 ዋጋውን ሳይጨምር የኤም2ንና የኤም3ን መነሻ ሜሞሪ ወደ 16 ጊጋባይት ከፍ አድርጓል፤ ዛሬ ሁለተኛ እጅ ሲገዙ ባለ 8 እና ባለ 16 የሆኑት ከውጭ አንድ መልክ ስላላቸው፣ ስለዚህ መሣሪያ ከሚለው መስኮት ላይ ቁጥሩን በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ደረጃ 7፦ ባትሪውን በራስዎ ቀን ይለኩ

አምራቹ ቪዲዮ በማየት 18 ሰዓት፣ በኢንተርኔት ሥራ 15 ሰዓት ይላል። እነዚህ የተለኩት ብርሃኑ ዝቅ ተደርጎ፣ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ስለሆነ ከእርስዎ ቀን ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ፤ በተለይ ከስልክ በሚለቀቅ ዳታ የሚሠራና ብርሃኑን ከፍ አድርጎ የሚጠቀም ሰው ያነሰ ያገኛል።

መቶ በመቶ ሞልተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ብርሃኑን በለመዱት መጠን አድርገው አይለውጡት፤ የተለመደ ሥራዎን እየሠሩ በየሰዓቱ የቀረውን በመቶኛ ይጻፉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ 76 በመቶ ቢቀርዎት በሰዓት ስምንት በመቶ ሄደ ማለት ነው፣ ይህም ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ቪዲዮ ጥሪ ያለበትን ሰዓት ለብቻው ይለኩት፤ ፍጆታው ከጽሑፍ ሥራ በብዙ ይበልጣልና። ማታ ክዳኑን ዘግተው ያሳድሩትና ጠዋት ምን ያህል እንደቀነሰ ይመልከቱ፤ አንዳንድ የዊንዶውስ ቀጭን ላፕቶፖች ተዘግተው ሳለ ባትሪ የሚጨርሱ በመሆናቸው ይህ ሙከራ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

መብራት በሚሄድበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ደግሞ መሣሪያው ቶሎ መሙላቱ ብዙ ቆይቶ ከመጨረሱ እኩል ዋጋ አለው። ይህ ሞዴል በ67 ዋት ቻርጀር በግማሽ ሰዓት እስከ 50 በመቶ ይሞላል፤ አብሮት የሚመጣው ባለ 30 ዋት ግን ይህን አያደርግም። በዩኤስቢ-ሲም ስለሚሞላ በቂ ዋት ያለው ፓወር ባንክ ሊያግዘው ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ እንደሚጠፋ ግን አይዘንጉ። ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ስለሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ የሶኬቱን እግር የሚለውጥ አዳፕተር ይበቃዋል። ሆኖም እግሩ የላላ ዲቫይደር ላይ እንዲሞላ አያድርጉት።

ለሁለተኛ እጅ፣ በሲስተም መረጃው ውስጥ የተመዘገበውን የሙሌት ዙር (ባትሪው ስንት ጊዜ ያህል ሙሉ አቅሙን እንደተጠቀመ) ይዩ። ባትሪው የተሠራው ለ1,000 ዙር ነው፤ በዋጋ ድርድር ላይ ይህ ቁጥር ከአካሉ ንጽሕና ይበልጥ ይናገራል።

ደረጃ 8፦ መሰኪያዎቹን በሥራዎ ዕቃዎች ይሞክሩ

በጎኑ ሁለት ተንደርቦልት መሰኪያዎች (የዩኤስቢ-ሲ ቅርፅ ያላቸው)፣ በማግኔት የሚጣበቀው የማግሴፍ ቻርጀር ቦታና በሌላው ወገን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ አሉ። ማግሴፍ በገመዱ ሰው ሲደናቀፍ ላፕቶፑን ሳይጥል የሚላቀቅ መሆኑ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን አንዱን መሰኪያ ከቻርጀር ነፃ ማውጣቱ ነው። በሌላ በኩል ተራው ፍላሽ፣ የፕሮጀክተሩ ኤችዲኤምአይና የካሜራ ካርድ በቀጥታ የሚገቡበት ቦታ የለም። ማተሚያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሁሉ ፍላሽ በሚቀባበልበት አገር ማስፋፊያ የግድ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ዋጋውንም ክብደቱንም ከላፕቶፑ ላይ ደምረው ይቁጠሩት። ከውጭ የሚያገናኙት ስክሪን ካለ፣ ኤም2 አንድ ብቻ እንደሚቀበል፣ ኤም3 ክዳኑ ሲዘጋ ሁለት፣ የ2025ቱ ኤም4 ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶም ሁለት እንደሚቀበል ይወቁ።

ደረጃ 9፦ ጥሪ

ውጭ አገር ላለ ዘመድ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ደውለው፣ ፊትዎና ድምፅዎ እንዴት እንደደረሰው እሱን ይጠይቁት። ድምፅ ማጉያዎቹ ስክሪኑ ከሚታጠፍበት ሥር ስለተሸሸጉ ላፕቶፑን አልጋ ላይ ቢያስቀምጡትም አይታፈኑም።

ደረጃ 10፦ መቆለፉንና መጠገኑን ያረጋግጡ

በሁለተኛ እጅ ገበያ ገንዘብ የሚጠፋው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአፕል መለያውን (አካውንቱን) ሳያነሣ የሸጠው ማክቡክ፣ መሣሪያውን ከባለቤቱ መለያ ጋር በሚቆልፈው አክቲቬሽን ሎክ ሊያዝ ይችላል፤ የአንድ ድርጅት የነበረ ደግሞ በርቀት አስተዳደር የተመዘገበ ሆኖ፣ ሻጩ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ሲያሳይዎት ደህና የሚመስል፣ ሲደመስሱት ግን የድርጅቱን ስም አውጥቶ የሚቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊትዎ ሙሉ በሙሉ እንዲደመስሰው ያድርጉ፤ በራስዎ ስልክ ዳታ አገናኝተው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ዴስክቶፑ ድረስ ያስነሡት። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ ዕቃውን ትተው ይሂዱ።

ስለ ጥገና ዋናው ነገር ስክሪኑ ነው፤ በዚህ ቅጥነት ሲሰበር የሚለወጠው ከነክዳኑ ስለሆነ ዋጋው ያማል። ካሜራውን የሚሸፍን ተለጣፊ ለጥፎ መዝጋት ስክሪኑን ሊሰብር እንደሚችል አፕል ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ኪቦርዱ ላይ የተረሳ የብዕር ክዳን ወይም የገብስ ቆሎ ፍሬም ያንኑ ያደርጋል። ከእስራኤል ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ከሆነ ቁልፎቹ ላይ የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ሥራውን አይለውጠውም፣ ሲሸጥ ግን ዋጋውን ይነካል።

ደረጃ 11፦ ይወስኑ፣ የመመለሻ ጊዜውንም ያስሉ

የጻፏቸውን ውጤቶች በአንድ ላይ አድርገው፣ በደረጃ 2 የጠረጠሯቸው ጉድለቶች ከራስዎ ሥራ ጋር የተገናኙ መሆናቸውን ይመርምሩ። ካልተገናኙ በኤም2 ላይ ርካሽ ዋጋ ማግኘት ብልህነት ነው። ከተገናኙ ግን አዲስ ቅርፅን በወጣበት ዓመት ለመያዝ መቸኮል አይገባም፦ በሐምሌ 2022 በ1,199 ዶላር የተሸጠው አካል በመጋቢት 2025 ኤም4 ሆኖ፣ ሜሞሪው እጥፍ ሆኖ፣ በ999 ዶላር መጥቷል። ዲስኩም፣ የውጭ ስክሪኑም፣ ካሜራውም በመካከሉ ተሻሽለዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ዘመድ አሜሪካ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ የሚልክበት ሁኔታ ነው። አፕል እዚያ የሚሰጠው የመመለሻ ጊዜ 14 ቀን ስለሆነ፣ ዕቃው ሰው ተገኝቶለት እስኪመጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ገዢው እሽጉን ሳይከፍት እንዲያስቀምጥልዎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ከፍቶ የሙቀቱን፣ የባትሪውን፣ የቁልፎቹንና የስክሪኑን ሙከራ እዚያው እንዲያደርግልዎ ዝርዝሩን ይላኩለት፤ ሲጨርስ መለያውን አውጥቶ፣ ደምስሶ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላክልዎት።